የባሕር ዓሣ ለምን ይሸታል? እንዳይሸትስ ምን እናድርግ?

እህቶቼ፣ ዱባይ፣ ሻርጃና አጅማን ያላችሁ፣ ከጅዳም ጭምር፣ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር ነው። አሠሪያችሁ ማዳም ዛሬ የተያዘ ዓሣ ከነቅርፊቱ፣ ከነሆድ ዕቃው አምጥታ ታስረክባችኋለች። እኛ ደግሞ ብናውቅ የምናውቀው የዝዋይና የሐዋሳን ቆሮሶ ነው፤ ዓሣ ሳይነካ ያደገም ብዙ ነው። ተጠብሶ ሲያልቅ ቤቱ ይሸታል፣ ማዳም ፊቷን ታጠቁራለች፣ እናንተም «የባሕር ዓሣ ተፈጥሮው ነው» ትላላችሁ።

ተፈጥሮው አይደለም። አሁን የተያዘ ዓሣ የሚሸተው ባሕር ባሕር ብቻ ነው። ያ የምትጠሉት ሽታ የሚመጣው ከሞተ በኋላ፣ ሙቀትና ጊዜ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ የሚሠራው ምጣዱ ከመጣዱ በፊት ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ሌላው ይቀለዋል። የውቅያኖስ ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው፤ የዱባዩ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ወደ 40 ይደርሳል። ዓሣው ይህ ጨው የሰውነቱን ውሃ እንዳይመጥጥበት ትራይሜቲላሚን ኦክሳይድ የሚባል ነገር በሥጋው ውስጥ ያከማቻል። ይሄ ሽታ የለውም። ዓሣው ሲሞት ግን ባክቴሪያዎች ይለውጡትና የሚሸተው ትራይሜቲላሚን ይወጣል። የሐይቅ ዓሣ ላይ ይህ ነገር በአብዛኛው ጥቂት ነው። በሌላ በኩል የባሕሩ ዓሣ ጨውን ለመቋቋም ከሚያከማቻቸው መካከል ግላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ አለ፤ የባሕር ዓሣን ሥጋ ጣፈጥ የሚያደርገው አንዱ እሱ ነው። ለዚህ ነው በበርበሬ ብዛት ሽታውን ለመሸፈን ስትሞክሩ የሚያሳዝነኝ፤ ከሽታው ጋር ጣዕሙም አብሮ ይቀበራል።

ዓሣው እጃችሁ እንደገባ ወደ በረዶ። ገበያ የምትሄዱት እናንተ ከሆናችሁ፣ ዴራ ዋተርፍሮንትም ይሁን ሌላ፣ በረዶ መያዣ ቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ፤ በጋ ላይ መኪና ውስጥ የሚያልፈው ግማሽ ሰዓት ቀላል አይደለም። ስትገዙ ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ፣ ከጭንቅላቱ ሥር ያለው መተንፈሻው ደማቅ ቀይ፣ ሥጋውም በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ቤት ስትደርሱ በረዶው ላይ አስተኙት፣ ከላይም አልብሱት፤ የሚቀልጠው ውሃ ግን ይውረድለት፣ ውስጡ አይዋኝ።

ሆድ ዕቃው ቶሎ ይውጣ። ባክቴሪያውም ሥጋ የሚፈጨው ኢንዛይምም ያለው እዚያ ነው። መተንፈሻውንም ቁረጡ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፦ ሆዱን ከፍታችሁ አከርካሪው ላይ የተጋደመ ጥቁር ደም ታያላችሁ። በቢላ ጫፍ ሰንጥቃችሁ፣ በጣት ወይም በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ በቀዝቃዛ ውሃ እያሻችሁ አውጡት። ብዙው መጥፎ ጣዕም ያለው እዚያች መስመር ላይ ነው። ከዚያ በጨውና በዱቄት ማሸት፣ በሎሚ ማለቅለቅ። ሎሚ ያንን የሚሸተውን ነገር አሲዱ ስለሚይዘው ይጠቅማል፤ ዘፍዝፋችሁ አትተዉት እንጂ፤ ሥጋው ይነጣና ይደርቃል።

ሳፊ የሚባለው ዓሣ ከመጣላችሁ ከሁሉ በፊት መቀስ አንሡ። የክንፉ እሾኾች መርዝ አላቸው፤ ዓሣው ከሞተም በኋላ ይወጋሉ። አስቀድማችሁ ቆርጣችሁ ጣሉ። ከወጓችሁ እጃችሁን ሳይቃጠል በሚችለው ትኩስ ውሃ ውስጥ ንከሩ፤ ሙቀት መርዙን ያዳክመዋል። ሕመሙ ካልተወ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ «ያልፋል» ሳትሉ ለማዳም ተናግራችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሌላው የምለምናችሁ ከነዓድና ቱና የሚባሉት ዓሦች ላይ ነው። እነዚህ ሙቀት ውስጥ ሲቆዩ ሂስታሚን ይፈጠርባቸዋል። የበላ ሰው ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ያመዋል፣ ሰውነቱን ያሳክከዋል፣ ልቡ ይመታል፤ ሰው አለርጂ ይመስለዋል። ክፋቱ፣ ሂስታሚን አንዴ ከተፈጠረ መጥበስም መቀቀልም አያጠፋውም፣ ሽታውም ላያስታውቅ ይችላል። ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ የዋለ ከነዓድ ይጣል። ብክነት ነው ብላችሁ አትዘኑ።

ማብሰሉ አጭር ነው። ዓሣው ከሞተ በኋላ ገና ግትር እንዳለ ከሆነ እስኪለዝብ በረዶ ላይ ይቆይ፤ ግትር እያለ ምጣድ ላይ ከወጣ ይኮማተራል። «የባሕር ነው፣ ጨው አለው» ብላችሁ ጨው አትንፈጉት፤ ዓሣው የጠጣውን ጨው ሲያስወጣ ነው የኖረው፣ ሥጋው ጨዋማ አይደለም። ከመጥበሱ 15 ደቂቃ በፊት ጨው ነስንሱ፣ ከዚያ በሶፍት አድርቁት፤ ምጣድ ላይ የሚይዘው እርጥቡ ነው። ዘይቱ በደንብ ይጋል፣ ካስቀመጣችሁት በኋላ አትነካኩት፤ ሲበስል ራሱ ይለቃል። ሥጋው ጥርት ያለ ከነበረበት ነጭ ሲሆንና ከአጥንቱ በቀላሉ ሲላቀቅ አውርዱ። ቴርሞሜትር ካለ 63 ዲግሪ ይበቃል።

እኔ ሸሪ የሚባለውን ዓሣ በጨውና በሎሚ ብቻ እጠብሳለሁ። ከነዓድ አዋዜ ይችላል፣ ሥጋው ጠንካራ ነው። ሐሙር ለጉላሽ ግሩም ነው፤ ግን ከመጠን በላይ ስለተያዘ ቁጥሩ የተመናመነ ዓሣ ነውና ምርጫው የእናንተ ከሆነ ሌላ ግዙ። ሐዋሳ ላይ እንደሚበላው ጥሬውን ልብላ የምትሉ ደግሞ እባካችሁ ተዉ፤ የባሕር ዓሣ የራሱ ትል አለው፣ ሎሚና ሚጥሚጣም አይገድለውም።

ጭንቅላቱንና አጥንቱን አትጣሉ። መተንፈሻው የወጣለትን ጭንቅላት በቀዝቃዛ ውሃ ጥዳችሁ፣ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና አንድ ደረቅ ሎሚ ጨምራችሁ በቀስታ ይንተክተክ። አረፋውን እየገፈፋችሁ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ሲቆይ መምረር ይጀምራል። አጥልላችሁ የመጅቡሱን ሩዝ በእሱ አብስሉት።