ጫት ደጋግሞ በተሰጠ ጊዜ በእንስሳት አንጎል ላይ ስለሚያመጣው ለውጥ

ጫት የሚባለው ተክል በኢትዮጵያ ምድር ከጥንት የታወቀ ነው። በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የይፋቱ ሰብረዲን በዛቻው ውስጥ በንጉሡ መናገሻ ጫት እተክላለሁ ማለቱ ተጽፏልና፥ ቅጠሉ በ14ኛው መቶ ዓመት የተወደደ እንደ ነበረ ይታወቃል። ዛሬም የጅማ፥ የአምቦና የጎጃም መንገዶች በሚያልፉባቸው በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ፥ እነርሱም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል፥ በኮባ የተጠቀለለው ጫት ለተማሪ እንኳ ሩቅ አይደለም። መምህሩ ትናንት ንቁ የነበረው ልጅ ዛሬ ሲያንቀላፋና ሲቆጣ ባየ ጊዜ ስንፍና ነው ይላል፤ ሽማግሌውም ጠባዩ ከፋ ይላል። ነገሩ ግን ከጠባይ ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ በእንስሳት ላይ የተደረገው ምርመራ ይገልጣል።

በኮባ መጠቅለሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በለጋው ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ቅመም አለ፤ ቅጠሉ በጠወለገ መጠን ይህ ቅመም ኀይላቸው ወዳነሰ ወደ ካቲንና ወደ መሰሎቹ ይለወጣል። ቃሚዎች ይህን በልምድ ሲያውቁት፥ ሊቃውንት ካቲኖንን ለይተው ያወጡት ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ነው። አሠራሩም በ1887 በጀርመን አገር ከተቀመመው ከአምፌታሚን ጋር እጅግ ይቀራረባል።

በአንጎል ያሉት የነርቭ ሕዋሳት በመካከላቸው እጅግ የጠበበ ክፍተት አላቸው። አንዱ ለሌላው መልእክት የሚልከው በዚህ ክፍተት በሚፈስስ ቅመም ነው፤ ከእነዚህም አንዱ ዶፓሚን ይባላል፥ እርሱም ለእንቅስቃሴ፥ ለምኞትና ለትጋት ያገለግላል። መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ዶፓሚኑን ሰብስቦ ወደ ቤቱ የሚመልስ እንደ በር ያለ ነገር በሕዋሱ ላይ አለ። ካቲኖን በዚህ በር ገብቶ የበሩን ሥራ ይገለብጠዋል፤ አስገቢ የነበረው ዘበኛ አስወጪ ይሆናል፥ የጎተራውም ሀብት ሳይታዘዝ ይፈስሳል። ምርቃና የሚባለው ደስታ ከዚህ ይነሣል። በጄኔቭ የነበረው ፒተር ካሊክስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከእንስሳት አንጎል በተወሰደ ቁራጭ ላይ ካቲኖን ጨምሮ የዶፓሚኑን መውጣት በልክ አሳይቷል።

በአንድ ቀን የሚሆነው ይህ ነው፤ ይልቁን የሚያስፈራው መደጋገሙ ነው። አይጥ ለባላገር ጠላት ብትሆንም ለሊቃውንት አገልጋይ ናት፥ የአንጎልዋ አሠራር ከሰው ጋር በብዙ ይመሳሰላልና። በ2005 በታተመ ምርመራ፥ ከጫት የተጨመቀ ፈሳሽ በየጊዜው በአፋቸው የተሰጣቸው አይጦች ልኩ ሳይጨመር መቅበጥበጣቸው እየበዛ ሄዷል። አንጎላቸው ያንኑ ቅመም አብልጦ እንዲቀበል ተለውጧል ማለት ነው። ማንሻ በተጫኑ ቁጥር ካቲኖን በደም ሥራቸው የሚገባላቸው ጦጦችም ማንም ሳያስገድዳቸው ደጋግመው ይጫኑ ነበር።

ሁለተኛው ለውጥ ከዚህ የተለየ ነው። በ1982 የታተመው ምርመራ እንደሚያስረዳ፥ ብዙ ካቲኖን ተደጋግሞ የተሰጣቸው አይጦች በአንጎላቸው ያለው ዶፓሚን ጎድሎ ቆይቷል፤ መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ ጉድለቱ ቶሎ አልተመለሰም። ለእነዚያ አይጦች የተሰጠው ልክ ግን እጅግ ከፍ ያለ ነበርና፥ አንድ እስር ጫት የቃመ ሰው ሁሉ እንዲህ ይሆናል ማለት አይገባም። በልክና በዘመን መካከል ያለውን ልዩነት የዘነጋ መምህር ልጆቹን ከማስተማር ይልቅ ያስፈራራቸዋል፥ የፈራ ልጅም ይሸሽጋል።

ለፈተና ሊተጋ ቅሞ ያደረው ተማሪም በማግስቱ ሐራራና ድብርት ሲይዘው፥ ሌሊቱንም ዱካክ ሲያስጨንቀው፥ ከእንስሳቱ የተገኘው ትምህርት ይረዳል፤ ያለ ልክ የፈሰሰው ቅመም እስኪተካ ድረስ ጊዜ ያስፈልጋልና። በአምፌታሚን በተመረመሩ ጦጦች አንጎል የጎደለው ዶፓሚን መድኃኒቱ ከተተወ በኋላ ቀስ በቀስ ሲመለስ ታይቷል፤ ይህም የሆነው በቀናት ሳይሆን በብዙ ወራት ነው።