ያውቁ ኖሯል? ከንቲባን ማን ይሾመዋል?

• «ከንቲባ» ዛሬ የየከተማው ሹም መጠሪያ ነው። ቀድሞ ግን ጎንደር አጠገብ ያለችው የደምቢያ ገዥ ማዕረግ ነበር። በኤርትራ ሐባቦችም አለቃቸውን «ከንቲባይ» ይሉት ነበር።

• ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሯት ጎንደር የአንድ ሹም ከተማ አልነበረችም። ነጋዴው የሚያድረው ለነጋዴዎች አለቃ ለነጋድራስ ነው፤ እጨጌ ቤት የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው፣ አቡን ቤት የጳጳሱ ሰፈር ነው። የሚሳደድ ሰው እጨጌ ቤት ከገባ መጠጊያ አገኘ ማለት ነበር።

• ኒው ዮርክ ከንቲባዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ድምፅ የመረጠችው በ1826 ዓ.ም. ነው። ምርጫው ሦስት ቀን ፈጀ፤ ጎዳናው በድብድብ ታመሰ። 35 ሺህ ገደማ ድምፅ ተሰጥቶ ኮርኔሊየስ ሎውረንስ ያሸነፉት ከ200 ባነሰ ብልጫ ነው። የመረጡትም ወንዶች ብቻ ነበሩ።

• በዚያው ዓመት ጎንደር ላይ በዙፋን የተቀመጡት ዐፄ ሣህለ ድንግል ነበሩ። ማን እንደሚነግሥና ማን እንደሚወርድ የሚቆርጡት ግን ደብረ ታቦር የከተሙት የየጁ ራሶች ናቸው።

• የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ በግዛታቸው ደረስጌ ማርያምን ያሠሩት ራሳቸው ሊነግሡባት ነበር። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ውቤን እዚያው ድል አደረጉና በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ቅባቱን የቀቡት አቡነ ሰላማ ናቸው።

• በአውሮፓ የተማሩት ገብሩ ደስታ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የጎንደር ከንቲባ ሆነው ተሾሙ፤ ማዕረጉም ስማቸው ሆኖ ቀረ። በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደውና ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ጋር አሜሪካ ዘልቀው ከፕሬዚዳንት ዊልሰን ጋር ተገናኝተዋል። ቡድኑ ቺካጎንም ጎብኝቷል። የቺካጎ ነዋሪ ከንቲባውን በድምፁ ከመረጠ ገና ጥቂት ወራት ነበር።

• ከንቲባ ገብሩ ሥልጣን ያገኙት በሹመት ነው፤ ልጃቸው ግን በምርጫ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በ1950 ዓ.ም. ተመርጠው የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት የፓርላማ አባል ሆነዋል።

• በ1937 ዓ.ም. የወጣው የከተሞች አዋጅ በከንቲባ እንዲተዳደሩ የለየው ሁለት ከተሞችን ብቻ ነው፦ አዲስ አበባንና ጎንደርን። ሹመቱ የንጉሠ ነገሥቱ ነበር።

• ዛሬ በኢትዮጵያ የከተማው ነዋሪ ድምፁን የሚሰጠው ለምክር ቤት ነው፤ ከንቲባውን የሚሰይመው ምክር ቤቱ። ኒው ዮርክም ከ1826 በፊት በነበሩት ዐሥር ዓመታት ገደማ ከንቲባዋን ታገኝ የነበረው በዚሁ መንገድ ነው።