ከደጋ ውርጭና ከሕፃን እጅ የሚጠበቅ ሸቀጥ

በግና ገብስ ይዞ ከዘመሮና ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ የሚመላለሰው ነጋዴ ስኳር፣ ዘይትና ሳሙና መጫን ያውቅበታል። የቫይረስ መመርመሪያ ኪት ግን ሌላ ጠባይ ያለው ዕቃ ነው። ካርቶኑ ቀላል፣ ዋጋውም እየረከሰ የመጣ ቢሆንም፣ አያያዙን ሳያጠኑ የገቡበት እንደሆነ ኪሳራው በገንዘብ ብቻ አይቆምም።

ከድድ በሚወሰድ እርጥበት ኤችአይቪን የሚመረምረው ኦራኩዊክ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ለቤት ውስጥ አገልግሎት ሲፈቀድ አንዱ 40 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 የራስ በራስ ምርመራን ደገፈ፤ በ2017 በተደረገ የድጎማ ስምምነት ዋጋው ለ50 ታዳጊ አገሮች ወደ 2 ዶላር ወረደ። በ2022 ደግሞ ከጣት በሚወሰድ ደም የሚሠራ የሌላ አምራች ኪት በ1 ዶላር ቀረበ። ኢትዮጵያም ይህን የምርመራ ዘዴ ተቀብላለች። በመስከረም 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመረቀው የኮቪድ መመርመሪያ ፋብሪካ ግን የተቋቋመው ለላቦራቶሪ ኪት ነው፤ ከቤት ውስጡ ጋር መምታታት የለበትም።

ሕጉም ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያ ማስመጣት፣ ማከፋፈልና መቸርቸር የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል። ስለዚህ ኪቱ የመድኃኒት ቤት እንጂ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ዕቃ አይደለም። ለነፃ ስርጭት በእርዳታ የገባውን አውጥቶ መሸጥማ ንግድ ሊባል አይችልም።

የመንዝ አየር ለዚህ ዕቃ ግማሽ ወዳጅ፣ ግማሽ ጠላት ነው። ኦራኩዊክ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀመጣል። ወደ መርሐቤቴ የሚሄደው መኪና በጀማ በረሃ ሲያልፍ ፀሐይ ላይ የዋለ ካርቶን ከ30 ዲግሪ ሊዘል ይችላል። ደጋው ላይ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ውርጭ ሌሊት ከ2 ዲግሪ በታች ያወርደዋል። በሥራ ላይ የሚውለውም ከ15 ዲግሪ በላይ ሲሆን ብቻ ነው። ከቀዝቃዛ መጋዘን የወጣ ኪት ሳይከፈት ሞቅ ባለ ክፍል እንዲቆይ ለገዢው መንገር ያስፈልጋል፤ ይህን የሚናገር ሻጭ ብዙ አይደለም።

ትልቁ ጉዳይ ልጆች ባሉበት ቤት የሚደርሰው ነው። በኪቱ ውስጥ ያለው ትንሽ የፈሳሽ ብልቃጥ የዓይን ጠብታ ይመስላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 የኮቪድ ኪት ፈሳሽን ሰዎች በስህተት ዓይናቸው ውስጥ መጨመራቸውን ጠቅሶ አስጠንቅቋል። በአንዳንዶቹ ኪቶች ፈሳሹን እንዳይበላሽ የሚያቆየው ሶዲየም አዛይድ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ነው። መጠኑ እጅግ አነስተኛ ቢሆንም ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፤ ሕፃን ቢውጠው ደግሞ ችላ አይባልም። እርጥበት የሚመጠው ትንሽ ከረጢትም ለልጅ ከረሜላ ሊመስለው ይችላል።

ስለዚህ ኪቱ ከሳጥኑ የሚወጣው አዋቂው ሊመረመር ሲቀመጥ ነው፤ እስከዚያው ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። ልጅ ከዋጠው አፉን አጉመጥምጦ፣ ሳያስመልሱ፣ ሳጥኑን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ያሻል። ሳጥኑን መያዝ የሚረሳ ነገር ነው፤ ሐኪሙ ግን የፈሳሹን ዓይነት የሚያውቀው ከዚያ ላይ አንብቦ ነው።

ውጤቱም ሌላ አደጋ አለው። የኦራኩዊክ ውጤት የሚነበበው ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው፤ ሰዓቱ ካለፈ አይታመንም። ሁለት መስመር መታየቱ የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ በጤና ተቋም መረጋገጥ አለበት። ቫይረሱ በቅርቡ፣ ባለፉት ሦስት ወራት የያዘው ሰው ነፃ መስሎ ሊታይ ይችላል። መድኃኒት የጀመረ ሰውም እንዲሁ። ከሁሉ የሚከፋው አንዲት እናት ጨቅላ ልጇን በዚህ ኪት መርምራ የምታየው መስመር ነው። ኪቱ የሚለየው ቫይረሱን ሳይሆን ሰውነት ለመከላከያ የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር ስለሆነ፣ ከ18 ወር በታች ባለ ሕፃን ላይ የሚታየው የእናቱ ሊሆን ይችላል። ልጁ ነፃ ሆኖ ሳለ ቤቱ ሊፈርስ ነው። ከቫይረሱ ጋር ከምትኖር እናት የተወለደ ሕፃን በስድስት ሳምንቱ ገደማ በጤና ተቋም ከተረከዙ በሚወሰድ ደም ይመረመራል፤ ያ ምርመራ ራሱን ቫይረሱን ይፈልጋል።

የኮቪዱ ኪት ጨዋነቱ ይሻላል፤ ከ2 ዓመት በላይ ያለን ልጅ ወላጁ ሊመረምርበት የሚችል ዓይነት አለው። የጥጥ ዘንጉን ግን ልጁ ራሱ አይያዝ። ነፃ ነው የሚል ውጤት ከመጣ ከ48 ሰዓት በኋላ መድገም ነው።

የተገለገሉበት ብልቃጥ ክዳኑ ተገጥሞ፣ ከዘንጉ ጋር በላስቲክ ታስሮ ልጆች ከማይደርሱበት ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ይገባል። አገልግሎቱ ካበቃ ክምችትም በቅናሽ መገላገል የሚያስብ ነጋዴ ካለ፣ ቀኑን ፊደል የቆጠረ ገዢ ሁሉ ሳጥኑ ላይ ያነበዋል።