የክረምቱ ዝናብ ከወዴት ይመጣል? ወዴትስ ያዘነብላል?

ሐምሌ 19 ቀን ለገብርኤል ንግሥ ወደ ብስራተ ገብርኤል የሚሄድ ሰው ዣንጥላ ሳይዝ ከቤቱ አይወጣም። ታኅሣሥ 19 ቀን ደግሞ ያንኑ መንገድ በአቧራ ይሄደዋል። ውድ አንባቢያችን፣ ይህ ልዩነት ከልጅነታችን ጀምሮ የለመድነው ስለሆነ ምክንያቱን ብዙም አንጠይቅም። ይሁን እንጂ የጤፉ ዋጋ፣ የቧንቧው ውሃ፣ የበርበሬው መድረቅ፣ የልጅዎም በሰላም ወጥቶ መግባት ከዝናቡ አመጣጥና አካሄድ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ነገሩን ለትምህርት ቤት ልጆች ብቻ መተው አይገባም።

በምድር ወገብ ዙሪያ፣ ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱት ነፋሳት የሚገናኙበት ሰፊ የዝናብ ቀበቶ አለ። ፀሐይ ባሕሩንና የብሱን ስታሞቅ አየሩ እርጥበት ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከፍ ሲል ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም ደመና፣ ደመናውም ዝናብ ይሆናል። ይህ ቀበቶ በአንድ ቦታ አይቆምም። ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ወጥቶ ደጋውን በዶፍ ያጥባል፤ በበጋ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሲወጣና ሲወርድ ደቡቡን ስለሚያቋርጥ፣ ቦረናዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ ያገኛሉ፤ አንደኛውን ጋና፣ ሁለተኛውን ሐጋያ ይሉታል።

ታዲያ ይህ ቀበቶ አንድ ጠባይ አለው፤ ሞቅ ወዳለው የምድር አጋማሽ ያዘነብላል። ሰሜኑ ከቀዘቀዘ ወደ ደቡብ ይሸሻል። በ1976 ዓ.ም. ክረምት በሰሜን ኢትዮጵያ ዝናቡ እንደቀረና በ1977 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው እልቂት ከአእምሯችን አይጠፋም። በዚያው ዘመን ከሴኔጋል እስከ ሱዳን ያለው የሳህል ምድር በድርቅ ይቃጠል ነበር። ተመራማሪዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደደረሱበት፣ ለሳህል ድርቅ ከምክንያቶቹ አንዱ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚወጣው ድኝ ያዘለ ጢስ ነበር። ጢሱ የፀሐይን ብርሃን እየከለለ ሰሜን አትላንቲክን ስላቀዘቀዘው የዝናቡ ቀበቶ እንደልማዱ ወደ ሰሜን ሊወጣ አልቻለም። ለአገራችን ረሃብ ጢሱ ብቻ ተጠያቂ ነው ለማለት አይደለም፤ ጦርነቱም አስተዳደሩም የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን ሰው በሩቅ አገር ያነደደው እሳት የሌላውን ሰው ደመና ሊያዘገይ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

የዛሬው ችግር ደግሞ የማቀዝቀዝ ሳይሆን የማሞቅ ነው። ከከሰል፣ ከነዳጅና ከደን ቃጠሎ የሚወጣው ጋዝ ዓለምን ካለፈው መቶ ዓመት በፊት ከነበረችበት ከ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አሙቋታል። አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ መያዝ የሚችለው እርጥበት ወደ 7 በመቶ ይጨምራል። ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም፤ ልብስ ሲያሰጡ ይታዩታል። በሞቃት ቀን የተሰጣው አንሶላ ቶሎ ይደርቃል፤ የሞቀው አየር እርጥበቱን ይጠጣዋልና። የገበሬውንም ማሳ እንዲሁ ያደርገዋል። የጠጣውን መልሶ ሲለቅ ግን በካፊያ አይደለም፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይደፋዋል። በአንድ ዓመት ድርቅም ጎርፍም መስማታችን እርስ በርሱ የሚጣረስ ነገር አይደለም።

ይህን ደግሞ አይተነዋል። በ2007 ዓ.ም. ኤል ኒኞ የተባለው የሰላማዊ ውቅያኖስ መሞቅ ክረምታችንን አድክሞት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በአንጻሩ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሞቆ በጥቅምትና በኅዳር ያለወትሮው ዘነበ፤ የአንበጣውም መንጋ በለምለሙ ላይ ተራባ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ አለቀ። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በሶማሌ ክልል ያው ምድር በጎርፍ ተጥለቀለቀ። የምሥራቅ አፍሪካን የመጋቢትና የሚያዝያ ዝናብ በተመለከተ ሊቃውንቱም ገና ይከራከራሉ፤ ስሌታቸው ወደፊት ይጨምራል ሲል፣ የተለካው ዝናብ ግን ባለፉት አሥርተ ዓመታት ቀንሷል።

ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ብስራተ ገብርኤል፣ መካኒሳና ላፍቶ ከእንጦጦና ከወጨጫ ግርጌ በታች ያሉ ናቸው። ላይ የዘነበው ሁሉ በትንሹ አቃቂና በገባሮቹ ወደ ታች ይወርዳል። ቀድሞ አፈርና ሣር ይጠጣው የነበረውን ውሃ ዛሬ አስፋልቱና የሲሚንቶው ግቢ አይቀበለውም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወረደው ጎርፍ የሰው ሕይወት አጥፍቷል፤ በ1998 ዓ.ም. በድሬዳዋ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል። ስለዚህ እናት ሆይ፣ ልጆችዎን አንድ ነገር ያስተምሩ። ከራሳቸው በላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እንኳ ወንዙ ሊሞላ ይችላል፤ ዝናቡ ያለው ከላይ ነውና። ውሃው ደፍርሶ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ኳሱም ቢሄድ ጫማውም ቢወሰድ ሮጦ ዳገት መውጣት ነው። በደጅዎ ያለውንም ቦይ ከሰኔ በፊት ከጎረቤት ጋር ሆነው ይጥረጉ፤ አንድ ፌስታል የዘጋው ቱቦ የሚያስተኛው ውሃ የሚገባው ከቁልቁል ጎረቤትዎ ምድጃ ነው።

ስለ ጣሪያው ደግሞ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በ1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ይሆናል። በአዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ በአማካይ 500 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንባል። 40 ካሬ ሜትር የሆነች ጎጆ ከሁለቱ ወር ብቻ 20 ሺህ ሊትር ትቀበላለች፤ የሚፈሰውና የሚረጨው ሩቡ ቢሆን እንኳ 15 ሺህ፣ ይኸውም 750 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይቀራል። ይህን ሁሉ የሚይዝ ሮቶ ማን አለው ይሉ ይሆናል፤ እውነት ነው፣ የሮቶ ዋጋ ቀላል አይደለም። ግን ደኅና አሸንዳና ክዳን ያለው አንድ በርሜል በየዝናቡ እየሞላ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት የልብስና የወለል ማጠቢያ ይሆናል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ ይፍሰስ። ለመጠጥ ከሆነ ሳይፈላ አይነካ። በርሜሉ ከተከፈተ ደግሞ ቢምቢ ይራባበታል።

በርበሬን የሚያዘጋጁ ሰዎች እስከ ዛሬ በኅዳር ፀሐይ ይተማመኑ ነበር። እንደ 2012ቱ ያለ ዝናብ በጥቅምትና በኅዳር ከመጣ፣ ቀንጥሰውና አጥበው ያሰጡት ዛላ ውስጡ ሳይደርቅ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የተባለ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያወጣል፤ ማጠቡም ማመሱም ጨርሶ አያጠፋውም። የሻገተውን ለይተው ይጣሉ እንጂ ከደኅናው ጋር አያስፈጩት። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የበጋ፣ የበልግና የክረምት ትንበያውን ወቅቱ ሳይገባ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስለሚያሰማ፣ በርበሬውን ከመግዛትዎ በፊት የበጋውን ትንበያ ያድምጡ። ዝናብ ያሰጋል ከተባለ አንዴ 10 ኪሎ ከማጠብ በየሳምንቱ ሦስት ሦስት ኪሎ እያጠቡ፣ በአንድ ቀን ፀሐይ እንዲነካው ሳሳ አድርጎ ማስጣት ይሻላል።