ዲዋሊ፤ የመብራት በዓል

ዛሬ በሕንድ አገር የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች ስለሚያከብሩት ስለ ዲዋሊ በዓል እንነጋገራለን። ዲዋሊ ማለት የመብራት ረድፍ ማለት ነው። በጥቅምት ወይም በኅዳር መግቢያ፣ ጨረቃ በማትታይበት ሌሊት ይከበራል።

ታዲያ መብራቱ ለምን ይበራል? በሰሜን ሕንድ እንደሚተረከው፣ ራማ የተባለ የአዮድያ ልዑል 14 ዓመት በስደት ኖረ። ሚስቱን ሲታን የጠለፈውን ራቫናን ድል ነስቶ ሲመለስ፣ ሕዝቡ መብራት አብርቶ ተቀበለው ይባላል።

በዓሉ በብዙ ቦታ አምስት ቀን ይቆያል። አስቀድሞ ቤት ይጸዳል፣ ይቀባል። በደጃፍ ላይ በሩዝ ዱቄትና በቀለም አበባ ይሣላል። ሲመሽ ዘይትና የጥጥ ክር ያለባቸው ትንንሽ የሸክላ መብራቶች በየደጁ ይደረደራሉ። የሀብት አምላክ የሚሏት ላክሽሚ የጸዳና ብርሃን ያለበት ቤት ትገባለች ብለው ያምናሉ። ነጋዴው አዲስ የሂሳብ መዝገብ ይከፍታል። ጎረቤት ለጎረቤቱ ጣፋጭ ይልካል።

ችግሩ ርችቱ ላይ ነው። በየዓመቱ እጃቸውና ዓይናቸው የሚጎዳ ልጆች አሉ። በደልሂ ከተማ ጭሱ ከመኪናና ከገለባ ቃጠሎ ጭስ ጋር ተደምሮ ደረት ያፍናል። ስለዚህ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. በዲዋሊ ዕለት ርችት ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኮስ ወሰነ።

እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን? ባህል ይጠበቅ ስንል ጤና የሚጎዳውን እንተው ማለታችንም ጭምር ነው። ትንሿ የሸክላ መብራት ማንንም አታፍንም፤ ለሸክላ ሠሪው ደግሞ እንጀራው ናት።