ለልደት በዓል ሕፃናትን በባቡር ይዞ ስለ መሔድ

የልደት በዓል በቀረበ ቁጥር በሶዶ ከተማ ከሚኖሩ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች አንዳንዶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ፥ አልፈውም ወደ ድሬዳዋ፥ ዘመድ ለመጠየቅ ይሔዳሉ። ልጆቹ ግን ከበዓሉ ዶሮና ዳቦ አብልጠው የሚናፍቁት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ባቡር ነው። በወላይታ ምድር ሐዲድ ስላልተዘረጋ፥ ከዳሞታ ተራራ ሥር ያደገ ሕፃን ባቡርን የሚያውቀው በመጽሐፍ ሥዕልና በቴሌቪዥን ብቻ ነው። ስለዚህ አባት «ዘንድሮ በባቡር እንሔዳለን» ብሎ የተናገረ እንደ ሆነ፥ በዚያ ቤት በዓሉ ከቀኑ አስቀድሞ ይገባል።

እኛም ይህን ደስታ ለማደናቀፍ አልተነሣንም። ዳሩ ግን በዓሉ አልፎ ትምህርት ሲቀጥል በትኩሳትና በተቅማጥ ምክንያት ከመቀመጫቸው የሚጎድሉትን ሕፃናት መምህራን ከእኛ ይልቅ ያውቋቸዋል። ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ የታመሙት በመንገድ ላይ በተደረገ ጥቂት ቸልተኝነት ነው።

ባቡር በአገራችን የቆየ ነገር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ያ የቀድሞው መስመር ከአዲስ አበባ መነሣቱን ከተወ በኋላ፥ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሔደው አዲሱ መስመር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱንም የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም.፥ ልደት ሊውል ስድስት ቀን ሲቀረው ነበር። በከተማው ውስጥ የሚመላለሰው ቀላል ባቡር ግን ከዚህ ቀድሞ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ድሬዳዋ ለመሔድ ያልቻለ ቤተ ሰብ ልጆቹን በዚህኛው ከቃሊቲ ወደ መሐል ከተማ፥ ወይም ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች ቢያሳፍራቸው ለሕፃን ልብ ያው ነው። ለሕፃን ባቡር ባቡር ነው፤ የርቀቱን ነገር የምንቆጥረው እኛ ነን።

ይሁን እንጂ ከሶዶ የሚነሣ ሰው ባቡሩ ዘንድ ሳይደርስ በሆሳዕና በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የአውቶቡስ መንገድ አለበት። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱትም በዚህ መንገድ ነው። እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት እንናገር። ከእኛ አንዱ የሦስት ዓመት ልጁን ይዞ ለገና ሲሔድ፥ በመንገድ እንዳያስመልሰው አስቦ ከሌሊት ጀምሮ ምንም ሳያቀምሰው አሳፈረው። ልጁ ግን ሆሳዕና ሳይደርሱ ማስመለስ ጀመረ፤ ሆዱ ባዶ ስለ ነበረም የሚወጣው መራራ ውሃ ብቻ ሆነ። አባትየው «ከጠጣ እንደገና ያስመልሰዋል» በማለት ውሃ ከለከለው። አዲስ አበባ በደረሱ ጊዜ ልጁ ዓይኑ ጎድጉዶ፥ ከንፈሩ ደርቆ፥ ሲያለቅስ እንባ የማይወጣው ሆኖ ነበር። በማግስቱ ባቡሩን ለማየት የታሰበው ቀን በጤና ጣቢያ አለፈ። ያ አባት የጤና ትምህርት የሚያስተምር ሰው ነበር፤ ይህን የምንጽፈውም ስለዚሁ ነው።

የመኪና ሕመም የሚባለው ነገር የሆድ በሽታ ብቻ አይደለም። በውስጠኛው ጆሮአችን የሰውነታችንን እንቅስቃሴ የሚለይ ክፍል አለ። መኪናው በጠመዝማዛ መንገድ ሲሔድ ይህ ክፍል «እየተንቀሳቀስን ነው» ይላል፤ በመቀመጫው ጀርባ ላይ ወይም በእጅ ስልክ ላይ የተተከለው ዓይን ግን «ቆመናል» ይላል። አንጎልም ሁለቱን ማስማማት ሲያቅተው ማቅለሽለሽ ይመጣል። ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ እምብዛም አይታይም፤ ከሁለት እስከ ዐሥራ ሁለት ዓመት ባሉት ላይ ግን ይበረታል። ልጅን ጸጥ ለማሰኘት ስልክ መስጠት ዛሬ በየአውቶቡሱ የምናየው ልማድ ሆኗል፤ ነገር ግን ማስመለሱን የሚያፈጥነው ይኸው ነው። ልጁ ከፊት በኩል ቢቀመጥና በመስኮት ሩቁን ጋራ ቢመለከት፥ መስኮቱም በመጠኑ ቢከፈት ይሻለዋል። ከመነሣቱ አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ቅባት የሌለው ቀላል ምግብ፥ ለምሳሌ ደረቅ ዳቦ ወይም ሙዝ፥ ጥቂት ይቅመስ። ያስመለሰውም እንደ ሆነ ዐሥር ደቂቃ ያህል ካረፈ በኋላ ውሃ በማንኪያ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው። የሚያስመልስበትም ፌስታል አስቀድሞ በእጅ ይያዝ፤ ይህን የረሳ ሰው ከጎረቤቱ ጋር መጣላቱ አይቀርም።

የሚጠጣው ውሃ ከቤት ተፈልቶና ቀዝቅዞ፥ በታጠበ ክዳን ባለው ዕቃ የተያዘ ቢሆን መልካም ነው። ኦ. አር. ኤስ. የሚባለውን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር አንድ ሁለት ከረጢት መያዝ ደግሞ ከልብስ መያዝ የማይተናነስ ጥንቃቄ ነው። በከረጢቱ ላይ በተጻፈው መጠን፥ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፥ ይበጠበጣል፤ የተረፈውም ከሃያ አራት ሰዓት በኋላ ይደፋል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ምግብ አይከልከል፤ የሚጠባም ከሆነ ጡት አይቋረጥበት። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የዚንክ ክኒንም ተቅማጡ ቢቆም እንኳ እስከ ታዘዘው ቀን፥ ይኸውም ከዐሥር እስከ ዐሥራ አራት ቀን፥ ይፈጸማል። ዓይኑ የጎደጎደ፥ የደከመና ለመጠጣት ያቃተው፥ ወይም የሆዱ ቆዳ ቆንጥጠው ሲለቁት ቶሎ የማይመለስ ሕፃን ያላችሁ እንደ ሆነ ግን በዓልም ሌሊትም ሳትሉ ወደ ሐኪም አድርሱት።

ባቡር ጣቢያ በደረሳችሁ ጊዜ ልጁ ከደስታ የተነሣ እጃችሁን ሊያስለቅቅ ይታገላል። የረዥሙ መንገድ ባቡር ከአናቱ ባለው ሽቦ 25,000 ቮልት፥ የከተማው ቀላል ባቡር ደግሞ 750 ቮልት የኤሌክትሪክ ኃይል ይቀበላል፤ ሐዲዱም ለመሻገሪያ ካልተፈቀደ ቦታ አይረገጥም። አዲሱ ባቡር እንደ ድሮው እያጓራና እየጨሰ የሚመጣ ስላልሆነ፥ ሕፃን ቀርቶ ዐዋቂም ሳይሰማው ሊደርስበት ይችላል። በልጁም ኪስ የወላጁ ስምና የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይግባ። በበዓል ሰሞን በሚኖረው ግፊያ ጠፍቶ የተገኘ ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» ቢባል «የአባባ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለውም።

ግፊያው ሌላም ነገር ያስተላልፋል። የኩፍኝ ክትባት በአገራችን የሚሰጠው ልጁ በተወለደ በዘጠኝ ወርና በዐሥራ አምስት ወር ነው። ስለዚህ ዘጠኝ ወር ያልሞላው ሕፃን ገና መከላከያ የለውምና፥ ለደስታ ሲባል ብቻ ሰው በታጨቀበት ፉርጎ ባይገባ እንመርጣለን፤ ባቡሩን ከውጭ ቆሞ ቢያይ ምንም አይቀርበትም። ተለቅ ያሉት ልጆች የያዙትን የፉርጎ መደገፊያ ሁሉ ኋላ ወደ አፋቸው እንደሚወስዱት ታውቃላችሁና፥ ሳይበሉ በፊት እጃቸው በሳሙና ይታጠብ።

በዘመድ ቤት ያለውን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን አክስት በጣቷ ቅቤ ልታቀምሰው፥ አጎትም ጠላ ሊያስልሰው ቢሞክር፥ ሳያፍሩ በትሕትና መከልከል የእናት መብት ነው። ለልጅ ጥሬ ሥጋ መስጠትም የኮሶ ትል መስጠት ሊሆን ይችላል።

አብዝተን ልንናገር የምንወደው ግን ስለ ወባ ነው። የሶዶ ከተማ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ብዙዎቻችን ወባን የሁምቦ ቆላ በሽታ አድርገን እናስባለን፤ ወደ ድሬዳዋ የሚሔድ ሰውም «ከተማ ነው፥ ደግሞም በጋ ነው» በማለት ይዘናጋል። በ2009 ዓ.ም. ግን ከእስያ የመጣች ሌላ ዓይነት የወባ ትንኝ በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሐር ተገኘች። አኖፌሌስ ስቴፌንሲ ትባላለች። ይህች ትንኝ እንደ ነባሮቹ ረግረግ አትፈልግም፤ በየግቢው ለመጠጥ በተጠራቀመ ውሃ፥ በበርሜልና በታንከር ትራባለች። በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ በደረቁ ወራት ወባ የተነሣው በእርስዋ ምክንያት መሆኑን ሊቃውንት በምርምር አረጋግጠዋል። ስለዚህ በባቡር ወደዚያ የሚወርዱ ልጆች ሌሊት አጎበር ውስጥ ይተኙ፤ በምሽትም እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። አስተናጋጁንም ዘመድ የበርሜሉን ክዳን እንዲያጠብቅ መንገር ነውር አይደለም።

የተነደፈ ልጅ ወዲያው አይታመምም። ትኩሳቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳምንት በኋላ፥ አንዳንዴም ከወር በኋላ ይጀምራል፤ ይኸውም ጉዞው ተረስቶ ልጁ ሶዶ ተመልሶ ትምህርት ቤት በገባበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ እናቱ «ብርድ መትቶት ነው» ትላለች፤ መምህሩም ወደ ቤቱ ይሰደዋል። ከጥር ወር ጀምሮ ትኩሳት፥ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት የታየበትን ልጅ መምህሩ «ለበዓል ወዴት ሔደህ ነበር?» ብሎ ይጠይቀው። ቆላ ወርዶ የነበረ ከሆነ በዚያው ቀን በጤና ጣቢያ ደሙ ይመርመር፤ ወላጆቹም የጉዞውን ነገር ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ። ካለፈው ሕመም የተረፈ የወባ ክኒን ከመሳቢያ አውጥቶ መስጠት አይገባም። ልጁ የተንቀጠቀጠ፥ የቀመሰውን ሁሉ የሚያስመልስ፥ ወይም ተጠርቶ የማይነቃ ከሆነ ግን ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም።