ርካሹ ትኬት ስንት ያስወጣል?

እህቴ ዓረብ አገር ወለደች። እናቴ አራስ ልጇን ለመጠየቅ መሰናዳት የጀመረችው ግን ገና ሕፃኑ ሳይወለድ ነው። ጡረታ እስክትወጣ ያስተማረችባት፣ ዛሬም የምትኖርባት ከድሬዳዋ ወጣ ያለችው ዋሂል ናት። የገንፎው ዱቄት እዚያው ተፈጨ፣ ገብሱ ተቆልቶ በሶ ሆነ፣ ቅቤው ተነጠረ። እኔ ደግሞ በድርሻዬ ከዚራ ካሉት ትኬት ቢሮዎች ወደ አንዱ ጎራ ብዬ ርካሽ የተባለውን ትኬት ቆረጥኩ። ከሌላው አየር መንገድ ጋር ያለው ልዩነት ዓይን የሚስብ ነበር። እርስዎም በእኔ ቦታ ቢሆኑ ይህንኑ ያደርጉ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ጉዱ የወጣው ቦሌ ላይ ነው። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ የሄድነው በሌላ ትኬት፣ በአገር ውስጥ በረራ ነበር፤ ሻንጣውም ያለ ጥያቄ አለፈ። በማግስቱ እናቴን እስከ መግቢያው በር አደረስኳትና ሸኚ ስለማይገባ እኔ ውጭ ቀረሁ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ስልኬ ጠራ። «ለሻንጣው ክፈይ ይሉኛል እኮ ልጄ፤ አንተ አልከፈልክም እንዴ?»

አልከፈልኩም። የቆረጥኩት ትኬት በእጅ ከሚያዝ 7 ኪሎ ሌላ ምንም አያካትትም ነበር። ሻንጣ ከትኬቱ ጋር አስቀድሞ ሲገዛ ዋጋው ረከስ ይላል፤ ሚዛኑ ላይ ከወጣ በኋላ ግን ሌላ ነው። የተጠየቀችው ገንዘብ እኔ አተረፍኩ ያልኩትን ልዩነት በልጦ ተገኘ፣ በቦርሳዋ የያዘችውም አልበቃም። ሰው በተሰለፈበት ሻንጣዋን ወለሉ ላይ ዘርግታ መቀነስ ጀመረች። በሶውና ዱቄቱ ወደ እጅ ቦርሳ ገቡ። ቅቤውን ግን ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ በብዙ አገር የሚሠራበት፣ ፈሳሽና ለስላሳ ነገር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ እንዳይያዝ የሚከለክለው ደንብ አስቀረው። እስከ በሩ ተመልሳ በጥበቃው በኩል ሰጠችኝ። ምንም አልተናገረችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የአየር መንገዱን ስም አልጠራም። ደንቡ ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል። እኔ የምተዳደረው በማርኬቲንግ ሥራ ስለሆነ ደግሞ ለማማረር ብዙም አፍ የለኝም። ዋጋን እያንጠባጠቡ መንገር የሙያችን የቆየ ዘዴ ነው፤ ደንበኛው በመጀመሪያው ቁጥር ልቡ ከተሸነፈ የሚከተሉትን ቁጥሮች እያጉረመረመም ቢሆን ይከፍላል።

ይህ የበረራ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1971 ቴክሳስ ውስጥ መብረር የጀመረው ሳውዝዌስት ያስፋፋው ነው። አንድ ዓይነት አውሮፕላን መያዝ፣ መሬት ላይ ብዙ አለመቆም፣ የተንዛዛ መስተንግዶ መተው፤ ርካሽነቱ የመጣው ከዚህ ነው። ከእኛ አካባቢ ኤር ዓረቢያ በ2003፣ ፍላይዱባይ በ2009፣ የኬንያው ጃምቦጄት በ2014 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመሩ። በአውሮፓ ራያንኤር ነገሩን እስከ ጥግ ወሰደው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ማይክል ኦሊሪ በ2009 ለአውሮፕላን ሽንት ቤት ሳንቲም ስለማስከፈል በቴሌቪዥን ሲናገሩ ዓለም ስቆ ነበር፤ አልተደረገም። በ2023 ግን ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት በስህተት የመመለሻቸውን የመሳፈሪያ ወረቀት አትመው ስለመጡ፣ ትክክለኛው ኤርፖርት ላይ እንዲታተምላቸው 110 ፓውንድ ከፍለዋል።

የአውሮፓ ኅብረት ከ2008፣ አሜሪካም ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታክስና ግዴታ የሆኑ ክፍያዎች በሚነገረው ዋጋ ውስጥ እንዲካተቱ አስገድደዋል። ሻንጣ ግን «ግዴታ» አይደለም። እስቲ ባዶ እጇን አራስ ልትጠይቅ የምትሄድ ኢትዮጵያዊት እናት ያሳዩኝ!

ስለዚህ ሁለት ትኬት ሲያወዳድሩ ሒሳቡን ከቦሌ ሳይሆን ከቤትዎ ደጃፍ ይጀምሩ። እኔ ዘግይቼ እንደደመርኩት፣ ከዋሂል ድሬዳዋ የመኪና፣ የአገር ውስጥ በረራ፣ የአዲስ አበባ አዳር፣ የታክሲ፣ ከዚያ ሻንጣው አለ። አዳሩ ለምን አስፈለገ? ሁለቱ ትኬቶች ስለማይተዋወቁ ነው። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥ ኪሳራው የተሳፋሪው ነው፤ አንድ ላይ የተቆረጠ ትኬት ቢሆን ግን በሚቀጥለው በረራ ማሳፈር የአየር መንገዱ ጣጣ ይሆናል፣ ሻንጣውንም ብዙ ጊዜ ከድሬዳዋ እስከ መጨረሻው ይልኩታል። አውሮፓ የሚወርዱ ከሆነ ደግሞ የሚያርፉበትን ቦታ በካርታ ይዩት፤ «ፓሪስ ቦቬ» የተባለው ኤርፖርት ከፓሪስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

ልጆች ካሉ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ብዙዎቹ መቀመጫ መምረጥን ለብቻው ያስከፍላሉ፤ ከልጅዎ አጠገብ መቀመጥ በነፃ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። ስምም ያስወጣል። ፎርሙ ስምና የቤተሰብ ስም ይላል፣ እኛ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ይዘን እንሄዳለን። ፓስፖርቱ ላይ ካለው አንድ ፊደል ከተዛነፈ ማስተካከያው ሊያስከፍል ይችላል፤ ትኬት ቢሮው ሲጽፍ አጠገቡ ቆመው ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ቢሮው የሚነግርዎ ዋጋ ሻንጣ ያለበት ይሁን የሌለበት፣ ቀን መቀየር ስንት እንደሚያስወጣ፣ ቢቀር ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ ከመክፈልዎ በፊት በወረቀት ያጽፉት። ይህን ሁሉ ደምረውም ርካሹ ርካሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ በተለይ አንድ ትንሽ ቦርሳ ይዞ ለሚሄድ ወጣት ጥሩ ነው።

ለእናቴ መመለሻ ሻንጣውን ከሦስት ሳምንት በፊት ገዛሁላት። እህቴ ገንፎውን እዚያው ከሱቅ በተገዛ ቅቤ በላች። ከዋሂል የመጣው ቅቤ ድሬዳዋ ቤቴ፣ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ እናቴም በደወለች ቁጥር ወደዚያ የሚሄድ ሰው አገኘህ ወይ ትለኛለች። ያገኘሁት አንድ ሰው ነበር፤ የያዘው ትኬት 7 ኪሎ ብቻ ነው።